ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ መንጋው ሙሉ አሸዋ ላይ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ሚኪ_ቦስተን
ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጁን 28 ቀን 2024 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ባለው ባሕረ ገብ ምድር በኬፕ ኮድ፣ ዌልፍሊት በምትባል ከተማ ዳርቻ፣ በመጀመሪያው ቆጠራ 125 ዶልፊኖች ጭቃ ላይ ቀርተው ተገኙ። በአሜሪካ በአንድ ጊዜ ዳርቻ ላይ ከቀሩት የዶልፊን መንጋዎች ሁሉ ትልቁ ነው ተብሏል። በአማርኛ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ወይ «ራሳቸውን ያጠፋሉ» ነው፣ ወይ «የባሕር ኃይል ሶናር (መርከቦች ውሃ ውስጥ ያለውን ለማወቅ የሚልኩት ድምፅ) ነው»። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳን? ደግሞስ አንድ ሰው ባሕር ዳር ሲንሸራሸር አንዱን ቢያገኝ ምን ያድርግ? ገፍቶ ወደ ውሃው መመለስ ነው?

ሙላት_ቆጣሪ
ራስን የማጥፋቱን ነገር እንተወው። የዌልፍሊት መልስ ግማሹ ካርታው ላይ ነው ያለው።

ኬፕ ኮድ ክንዱን አጥፎ ጡንቻውን የሚያሳይ ሰው ይመስላል። ዌልፍሊት ያለችው በክርኑና በጡጫው መካከል፣ በውስጠኛው በኩል ነው። ከሰሜን ገብቶ ዓሣ እያሳደደ ወደ ደቡብ የወረደ መንጋ በሦስት በኩል የብስ ይገጥመዋል፤ መውጫው የመጣበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ዌልፍሊት ራሷ ደግሞ በዚያ ትልቅ መንጠቆ ውስጥ ሌላ ትንሽ መንጠቆ አላት።

ቀሪው ግማሽ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው። እዚያ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 3 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ለመውረድ ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አወራረዱ ግን እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ይላል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት በየሰዓቱ የጠቅላላውን ሩብ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥላል። አሁን ወለሉን አስቡት። በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ከሆነ 300 ሜትር ስፋት ያለው ባሕር ይደርቃል። በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ከሆነ 3 ኪሎ ሜትር። ሆዱ ጭቃ መንካቱን ዶልፊኑ ሲያውቅ ጥልቁ ውሃ ከኋላው ጥሎት ሄዷል።

የኒውዚላንዱ ፌርዌል ስፒትም እንዲሁ ነው። ከደቡብ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የአሸዋ ምላስ ነው፤ በውስጠኛው በኩል ውሃው ሲሸሽ እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፌብሩዋሪ 2017 ላይ ፓይለት ዌል የሚባሉ 416 ዓሣ ነባሪዎች እዚያ ቀሩ፤ አብዛኞቹ ሲገኙ ሞተው ነበር። በማግስቱ ሌላ ከ200 የሚበልጥ መንጋ ተከተለ። ፓይለት ዌል ስኩዊድ የሚባለውን ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ የሚበላ የጥልቅ ባሕር እንስሳ ነው። ለእሱ እንዲህ ያለው ወለል እንግዳ አገር ነው።

ገደል_ማሚቶ
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች በጨለማና በደፈረሰ ውሃ የሚያዩት በድምፅ ነው፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይልኩና የገደል ማሚቶውን ያዳምጣሉ። ገደል ያለው ድንጋያማ ዳርቻ ድምፁን በቀጥታ ይመልሰዋል። ለጥ ያለ አሸዋ ግን ድምፁ በጠባብ ማዕዘን ስለሚያርፍበት ወደ ላኪው ሳይሆን ወደ ፊት ያነጥረዋል፤ የሚሰበረው ማዕበል አረፋ ደግሞ የተረፈውን ይበትነዋል። ስለዚህ እንስሳው ፊት ለፊቱ ክፍት ባሕር ያለ ይመስለዋል። ይህ ሙሉ በሙሉ ያልተረጋገጠ መላ ምት ቢሆንም፣ በጅምላ የሚቀሩት ለምን በብዛት የጥልቅ ባሕር ዝርያዎች እንደሆኑ፣ ለምንስ ሁልጊዜ እነዚያው ባሕረ ሰላጤዎች እንደሚደጋገሙ ከሌሎቹ ግምቶች በተሻለ ያስረዳል ባይ ነኝ።

ጆሮው የተጎዳውስ? በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዳርቻ ላይ የቀሩ ዶልፊኖችን መስማት በአንጎል ሞገድ ለክቶ ነበር። ከተመረመሩት ጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊኖች 57 በመቶው፣ ሸካራ ጥርስ ከሚባሉት 36 በመቶው ከባድ የመስማት ችግር ነበረባቸው። ለዶልፊን መደንቆር መታወርም ነው።

ሚኪ_ቦስተን
እሺ፣ አንድ የታመመ ወይም የደነቆረ ቢሳሳት ገባኝ። መቶው ለምን ይከተለዋል? ቤተሰብ ስለሆኑ ነው?

የበድን_ሐኪም
የተለመደው መልስ «አዎ፣ መሪያቸው ሲታመም ዘመዶቹ አንተውህም ብለው አብረው ይሞታሉ» የሚል ነው። ልብ ይነካል፤ ግን በ2013 የታተመ የዘር ቅንጣት ጥናት ስሕተት መሆኑን አሳይቷል። በኒውዚላንድና በታዝማኒያ ከ12 የጅምላ አጋጣሚዎች የተወሰደ የ490 ፓይለት ዌሎች ናሙና ሲታይ፣ በአንድ አሸዋ ላይ የቀሩት ከአንድ እናት የወረዱ አልነበሩም፤ የብዙ እናቶች ዘር ተቀላቅሎ ነው የተገኘው። እንዲያውም ጨቅላዎቹ ከእናቶቻቸው ርቀው ነበር የወደቁት። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ለምግብ ወይም ለመራባት በአንድ ላይ ሲሰበሰቡ የሚፈጠር ትርምስ ሊሆን ይችላል። መንጋነቱ እውነት ነው፤ አንዱ የጭንቅ ድምፅ ሲያሰማ ሌላው ይጠጋል፣ የተመለሰውም የቀረውን ሲሰማ ዞሮ ይመጣል። «ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው» የሚለው ነው የማይሠራው።

አንድ እንስሳ ብቻውን ሲገኝ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ብቻውን የቀረ በአብዛኛው ታሟል፣ አርጅቷል፣ ከእናቱ ተለይቷል፣ ወይም በመረብና በመርከብ ተጎድቷል። ከ2013 እስከ 2015 በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ከ1,600 በላይ ጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊኖች ሲያልቁ መንስኤው ሞርቢሊ የሚባለው፣ የኩፍኝ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ነበር። በካሊፎርኒያ ደግሞ አንዳንድ አልጌ የሚያመነጨው ዶሞይክ አሲድ አለ፤ ሰርዲንና አንቾቪ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ይበሉታል፣ የባሕር አንበሳው እነሱን ይበላል። መርዙ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባለውን፣ አቅጣጫ የሚያስታውሰውን ክፍል ይጎዳል። አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ራሱን እያወዛወዘ የሚንቀጠቀጥ የባሕር አንበሳ ካያችሁ አልሰከረም፤ በዚህ መርዝ የተመታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከ«ለምን?» በፊት ዝርያው ምንድን ነው፣ ስንት ናቸው፣ ዳርቻው ምን ዓይነት ነው፣ ሲገኙ ውሃው እየሞላ ነበር ወይስ እየሸሸ የሚሉት ይቅደሙ።

ሞገደኛው
ሁላችሁም ሶናሩን ዘላችሁት አለፋችሁ! ባሃማስ ላይ ራሱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አምኗል እኮ።

የበድን_ሐኪም
አልዘለልነውም፤ ቦታው ላይ እናስቀምጠው ብለን ነው። ማርች 2000 ባሃማስ ውስጥ በ36 ሰዓት ጊዜ 17 እንስሳት ዳርቻ ላይ ቀሩ፤ አብዛኞቹ ባለመንቁር ዓሣ ነባሪዎች ነበሩ። በ2001 መጨረሻ ባሕር ኃይሉና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤቱ በጋራ ባወጡት ሪፖርት ዋነኛው ምክንያት የመርከቦቹ መካከለኛ ድግግሞሽ ሶናር መሆኑን ተቀበሉ። በሴፕቴምበር 2002 በካናሪ ደሴቶች 14 ባለመንቁሮች በባሕር ኃይል ልምምድ ሰዓት ቀሩ፤ በድናቸው ሲከፈት ደም ሥራቸውና ጉበታቸው ውስጥ የጋዝ አረፋ ተገኘ። ስፔን በ2004 በደሴቶቹ ዙሪያ ሶናር ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ እዚያ እንዲህ ያለ የባለመንቁር ጅምላ እልቂት አልታየም።

ለምን እነሱን? የኩቪየር ባለመንቁር እስከ 2,992 ሜትር ሲጠልቅ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ሳይተነፍስ ሲቆይ ተመዝግቧል። ሰውነቱ ናይትሮጅን የሚያስተናግደው በለመደው የአጠላለቅ ሥርዓት ነው። ያ ድምፅ አስደንግጦ ሥርዓቱን ካዛባበት፣ ተቸኩሎ እንደወጣ ጠላቂ ናይትሮጅኑ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ በድኑን ቶሎ መክፈት ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ካለፈው የመበስበስ ጋዝ ስለሚቀላቀል አረፋው ከየት እንደመጣ መለየት ይከብዳል። የውስጥ ጆሮማ ከዚያም የባሰ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳል። ለዚህ ነው መርማሪዎች ሌላውን ሳይነኩ መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውን ፎርማሊን የሚወጉት።

ይህን ሁሉ ወስዶ ግን ዌልፍሊት ላይ መለጠፍ አይሆንም። በ1918 ኒውዚላንድ ቻተም ደሴቶች ላይ 1,000 ገደማ ፓይለት ዌሎች በአንድ ጊዜ ቀርተዋል። የዚያን ጊዜ የትኛው መርከብ ነው ሶናር ይዞ የዞረው?

ሞገደኛው
እሺ፣ ይህችን ተቀብያለሁ። የፀሐይ ማዕበልስ?

ገደል_ማሚቶ
ለግራጫ ዓሣ ነባሪ ጥሩ መረጃ አለ። በ2020 የታተመ ጥናት ከ1985 ጀምሮ በሕይወት እያሉ ዳርቻ ላይ የቀሩ 186 ግራጫ ዓሣ ነባሪዎችን ቀን በቀን ከፀሐይ መዝገብ ጋር አስተያይቶ፣ ፀሐይ ኃይለኛ የራዲዮ ጫጫታ በምትለቅበት ቀን ዳርቻ ላይ የመቅረት ዕድላቸው 4.3 እጥፍ እንደሚሆን አግኝቷል። አቅጣጫ ለመያዝ የምድርን መግነጢስ የሚያነብበው የስሜት ሕዋስ ለጊዜው የሚታወር ይመስላል። በ2016 መጀመሪያ በሰሜን ባሕር ዙሪያ 30 ወጣት ወንድ ስፐርም ዌሎች ሲቀሩም ይኸው ተነስቶ ነበር። ሰሜን ባሕር ግን በፀሐይም ያለፀሐይም ለእነሱ ወጥመድ ነው፤ ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር ጥልቀቱ እየቀነሰ፣ የሚበሉት ስኩዊድ እየጠፋ ነው የሚሄደው።

ሰላም_ዘአሽዶድ
እኛ ጋ እስራኤል ፌብሩዋሪ 2021 ኒጻኒም ዳርቻ 17 ሜትር የሚሆን ፊን ዌል ወጥቶ ነበር፤ ያው ዳርቻው ሁሉ በሬንጅ በተበከለበት ሳምንት። ሳንባው ውስጥ ጥቁር ፈሳሽ ተገኘ ተብሎ ተወራ። ሬንጁ ነው የገደለው ማለት ይቻላል? ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ የጅምላ ነገር የማንሰማው ለምንድን ነው?

የበድን_ሐኪም
ሰላምዬ፣ ያ ሞቶ በውሃ የተገፋ ነው። ሞቶ ዳርቻ የወጣና በሕይወት ዳርቻ ላይ የቀረ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሞተበት ቦታ ከተገኘበት በጣም ሊርቅ ይችላል። ጥቁር ፈሳሽም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የበሰበሰ ሳንባ ራሱ ጥቁር ይሆናል። ናሙናው በላቦራቶሪ ከሬንጁ ኬሚካል ጋር ሲመሳከር ነው ቁርጡ የሚታወቀው።

ሙላት_ቆጣሪ
የቀይ ባሕሩን እኔ ልመልስ። እዚያ ሙላትና ሽሽቱ ትንሽ ነው፤ መሐሉ ላይ፣ ፖርት ሱዳንና ጅዳ አካባቢ፣ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል፣ ወደ ምጽዋ ሲወርድ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ላይ ብዙው ዳርቻ ኮራል ሆኖ ወዲያው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ወጥመዱ አልተሠራም ማለት ነው።

አልጋ_ተሸካሚ
ወደ ሚኪ ሁለተኛ ጥያቄ ልምጣ፤ እስካሁን ማንም አልነካውም።

አትግፉት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ጅራት ይዞ መጎተት ነው። ጅራት ሲጎተት አከርካሪ ይለያያል፤ የጎን ክንፉን ይዛችሁ ከሳባችሁ ከመገጣጠሚያው ይወልቃል። በግፊት ውሃው ውስጥ የገባ እንስሳም ጡንቻው ደንዝዞ ሚዛኑን ስለማይጠብቅ ተገልብጦ ይሰምጣል። አዎ፣ ዶልፊን ይሰምጣል፤ የሚተነፍሰው እንደኛ በሳንባ ነው።

መጀመሪያ ስልክ ነው፤ ለአካባቢው የባሕር እንስሳት ነፍስ አድን ቡድን፣ ቁጥሩን ካላወቃችሁ ለፖሊስ። በአሜሪካ ያለፈቃድ መንካት በ1972ቱ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው። ስትደውሉ የምትናገሩት፦ ትክክለኛ ቦታው (ስልካችሁ ካርታ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ)፣ ስንት በሕይወት፣ ስንት የሞተ፣ ቁመቱ በግምት፣ ውሃው እየሞላ ነው ወይስ እየሸሸ። ከዚያ 45 ሜትር ራቁ፣ ውሻውን እሰሩ፣ ሰው አራግፉ። ጫጫታና ሰልፊ ልቡን ያፈርሰዋል፤ ለአነጋገር አይደለም፣ ጭንቀቱ የልብ ጡንቻውን በእውነት ይጎዳል።

ቡድኑ ሲመጣና እገዛ ሲፈቀድላችሁ የምትሠሩት የሚመነጨው ምን እየገደለው እንደሆነ ከማወቅ ነው። ውሃ ውስጥ ክብደቱን ውሃው ይሸከምለት ነበር። አሸዋ ላይ የራሱ ሥጋ ሳንባውንና ጡንቻውን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀው ጡንቻ ማዮግሎቢን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቅቃል፣ ያ ደግሞ ኩላሊት ይዘጋል። ዛሬ ዋኝቶ የሄደ ከቀናት በኋላ የሚሞተው በዚህ ነው። ሁለተኛው ገዳይ ሙቀት ነው። ያ ሁሉ ጮማ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲሆን ይቀቅለዋል። ቆዳው በሰዓታት ውስጥ ውሃ ይቋጥርና ይላጣል።

ስለዚህ በሆዱ አስተኙት። በጎኑ ከወደቀ ከታች ያለውን ክንፍ ወደ ሰውነቱ አጥፋችሁ፣ አሸዋውን ከሥሩ ቆፍራችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። ከጎን ክንፎቹ ሥር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ክንፉ ያለጫና ይንጠለጠላል፣ ይቀዘቅዛልም። ነጣ ያለ የጥጥ አንሶላ አርጥባችሁ አልብሱት፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ ግን ክፍት ይሁን። ቀዳዳው ራሱ ላይ ነው ያለው፤ ድንገት ፓ ብሎ ይከፈታል፣ ዓይን ሳይጨፈን ይዘጋል። ውሃ የምታፈሱት በሁለት ትንፋሽ መካከል፣ ከቀዳዳው ኋላ ጀምራችሁ ወደ ጅራት ነው። አንድ ጣሳ ውሃ በቀዳዳው ከገባ የሳንባ ምች ነው። የጀርባውን ክንፍ፣ የጎኖቹንና ጅራቱን ደጋግማችሁ አርጥቡ፤ ሙቀቱን የሚያስወጣባቸው ራዲያተሮቹ እነሱ ናቸው። በብርዱ ወቅት ኬፕ ኮድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክንፉን ውርጭ ስለሚመታው ውሃ ማፍሰሱን ትታችሁ ከነፋስ ከልሉት። ትንፋሹን በደቂቃ ቁጠሩ፣ ጻፉ። የተረጋጋ ዶልፊን ከ2 እስከ 5 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቁጥሩ እየወጣ ከሄደ ለሐኪሙ ንገሩ። ከጅራቱ ራቁ፣ ትንፋሹም ፊታችሁ ላይ አይረፍ፤ በሽታ አለው።

የዌልፍሊቶቹ ባለነጭ ጎን ዶልፊኖች ከ180 እስከ 230 ኪሎ ይመዝናሉ፤ በሸራ ቃሬዛ ስድስት ስምንት ሰው ይሸከማቸዋል፣ ጭቃው ላይ ወፋፍራም ጎማ ባለው ጋሪ ይገፋሉ። ከዚያ በመኪና ወደ ጫፉ፣ ወደ ፕሮቪንስታውን ተወስደው ጥልቁ ውሃ ቅርብ በሆነበት ይለቀቃሉ። በመንገድ ላይ ደማቸው ይመረመራል፣ ፈሳሽ ይሰጣቸዋል። እዚያው ዌልፍሊት ውስጥ መልቀቅ መልሶ ወጥመዱ ውስጥ መጣል ነው።

ሁለት ቶን የሚመዝን ፓይለት ዌል ግን አይሸከሙትም፤ ሙላት ይጠበቃል። ውሃው ሲመጣ በጎኑ የተኛው ቀዳዳው ከመከፈቱ በፊት ስለሚሰምጥ ቀጥ አድርጎ መያዝ ግድ ነው። ተንሳፎ ሲነሳ ግራ ቀኝ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ሚዛኑ እስኪመለስ። አንዱን ለብቻው አትልቀቁት፤ የቀሩትን ሲሰማ ይመለሳል። ሁሉንም በአንድ ላይ ሰብስበው ይለቁና ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከዳርቻው በኩል አጥር ይሆናሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ ይህን የሚያሠለጥነው በጎ ፈቃደኛ ድርጅት ስሙ ፕሮጀክት ዮናስ ነው። የኛው የነነዌው ዮናስ፤ ተራው ተገልብጦ አሁን አውጪው ሰው፣ የሚወጣው ዓሣ አንበሪ ሆነ።

ሙላት_ቆጣሪ
ግሩም ጽፈሃል ወንድሜ። አንድ የሚረሳ ነገር፦ የጨረቃዋን ቀን እዩ። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን ሙላቱ ከወትሮው ይበልጣል። በዚያ ትልቅ ሙላት አናት ላይ የቀረ እንስሳ ቀጣዩ ሙላት ላይደርስበት ይችላል፤ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ጠብቆ ውሃው 20 ሜትር ወዲያ ማዶ ይቆማል። ያኔ ወይ በማሽን ቦይ ይቆፈራል፣ ወይ ሌላ ውሳኔ ይመጣል።

ሚኪ_ቦስተን
ሌላ ውሳኔ ማለት መግደል?

የበድን_ሐኪም
አዎ። ጁላይ 2023 ምዕራብ አውስትራሊያ ቼይንስ ቢች ላይ ከ90 በላይ ፓይለት ዌሎች ቀሩ። 51 በሌሊቱ ሞቱ፤ የተረፉት 45 ሙሉ ቀን ተለፍቶባቸው ወደ ጥልቁ ተመለሱ፣ ብዙም ሳይቆዩ ዞረው እንደገና አሸዋው ላይ ወጡ። ሐኪሞቹ ሥቃያቸውን ማሳጠር መረጡ። ለተመልካች ጭካኔ ይመስላል። ሦስተኛ ቀኑን በያዘ፣ ኩላሊቱ በተዘጋ እንስሳ ላይ ባልዲ ይዞ መሯሯጥ ግን ለእኛ ሕሊና እንጂ ለእሱ አይጠቅመውም።

ገደል_ማሚቶ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ ለኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። በ1964 ከቱርካና ሐይቅ ምዕራብ፣ ኬንያ ውስጥ፣ የባለመንቁር ዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። 17 ሚሊዮን ዓመቱ ነው፤ የተገኘው ከባሕር 740 ኪሎ ሜትር ገብቶ፣ 620 ሜትር ከፍታ ላይ። በወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ መንገድ የሳተ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ያኔ አገሩ ቆላ ነበር ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ መሬት መቼ መነሣት እንደጀመረ ለመገመት እሱን ተጠቅመውበታል።

ሚኪ_ቦስተን
ይሄን አላውቅም ነበር! የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሞቶ ያገኘ ሰውስ የሚጠቅም ነገር መሥራት ይችላል?

የበድን_ሐኪም
በጣም። አትንኩት፣ ፎቶ አንሱት፦ ሙሉ ጎኑን፣ ራሱን፣ ጥርሱን፣ የጀርባ ክንፉን፣ ጅራቱን ከላይ፤ አጠገቡ መጠኑ የሚታወቅ ዕቃ አስቀምጡ። መረብ የቆረጠው መስመር ወይም የመርከብ ስለት የሚመስል ቁስል ካለ ተጠጋግታችሁ አንሱ። ካበጠ ደግሞ ከሆዱ በኩል አትቁሙ። ጃንዋሪ 2004 ታይዋን ውስጥ ታይናን ከተማ፣ በጭነት መኪና ሲጓዝ የነበረ ስፐርም ዌል በጋዝ ተሞልቶ መንገድ ላይ ፈንድቷል፤ መኪናውም ሱቁም ደም በደም ሆነ።

አልጋ_ተሸካሚ
ቁመቱንም ለኩ፣ ግን በትክክል። ሰው ሜትሩን በጀርባው ጉብታ ላይ አስተኝቶ ይለካና ቁጥሩ ረዝሞ ይመጣል። የሚለካው ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሐል ስርጉድ ድረስ፣ ከጎኑ አሸዋው ላይ፣ በቀጥታ መስመር ነው።